ከጓሮ የቀበርናቸው

ሰመራ ውስጥ ከልጄ ከነኢማ ጋር በምኖርበት ግቢ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ወጣት ልጅ አለች። ባለፈው ሰሞን እናቷ ፊቷ ጠቁሮ መጣችና በሬ ላይ ቆመች። በአንድ እጇ ልጅቷን፣ በሌላው ቀበቶ ይዛለች።

"እትዬ መዲና፣ ጉድ ሆኛለሁ! ይቺ ልጅ የወር አበባዋን ካየች ወራት አልፏታል። ከማን እንደሆነ ንገሪኝ ብላት እሪ ትላለች እንጂ አትናገርም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ቀበቶውን ተቀበልኳትና ወንበር ሥር ወረወርኩት። "አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ሲገባሽ ፍርድ ቤት ታቆሚያታለሽ?" አልኳት። ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሽንቷ ታየ፤ እርግዝና የለም። በዚያ ዕድሜ ወሩ መዛባቱ ብዙ ልጃገረዶችን የሚያጋጥም እንደሆነ፣ ከቀጠለ ግን ተመልሳ መታየት እንዳለባት ነግረው ሸኙን። እናትየው በደስታ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

አዋሽ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአንድ አሮጌ አልጋ ቤት ጓሮ፣ ግራር ሥር አራት ጥቁር ድንጋዮች ተደርድረዋል። አላፊ አግዳሚው ልብ የሚላቸው አይደሉም። ስለ እነሱ ከቤተሰቤና ከአንዲት ሐኪም ውጭ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። የልጅቷ ለቅሶ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ አሁን እጽፈዋለሁ። እኔን ይሉኝታ ሊገድለኝ ነበር፤ ሌላዋን እንዳይገድል።

ያገባሁት በደርግ ጊዜ ነው። ወላጆቼ ከባቲ ወርደው ገዋኔ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ነበሩ። ባሌ ሰይድ የመንግሥት ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አሰብ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር አባቴ ሱቅ ይቆምና ሲጋራ ይገዛል። ሰውዬው አያጨስም። አባቴ አንድ ቀን "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሲጋራ የት ታደርገዋለህ?" ብሎ ቢጠይቀው ፊቱ ቀላ፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።

እናቱን እማማ ዘሀራን የማያውቅ የአሰብ መስመር ሾፌር አልነበረም። ለሾፌርና ለባቡር ተሳፋሪ አልጋ ያከራያሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው የጣቢያውን ፊሽካ የሚያስንቅ ሴት ናቸው። ከሰይድ በቀር ልጅ የላቸውም። እሱንም ያገኙት ብዙ ፅንስ ከወረደባቸው በኋላ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ያንን አያነሱም። እኔ ስገባ የአንሶላውን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። ጠዋት ጠዋት ከየክፍሉ አንሶላ እገፍፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ በዚያ ፀሐይ ወዲያው ይደርቃል፣ መልሼ አነጥፋለሁ። እንግዳ መጣም አልመጣም አልጋው ተነጥፎ መጠበቅ አለበት፤ የእማማ ሕግ ነው።

የወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሥርዓት አልነበረውም። ይጠፋል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ አንድ ቀን እንደ ጎርፍ ይመጣና አልቆም ይላል። ገዋኔ እያለሁ እናቴ "አክስትሽም እንዲህ ነበረች" ብላ ታልፈዋለች። በሽታ ነው ያለኝ ሰው የለም። ከእናቴ ጋር እንኳ የተነጋገርነው ያቺኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ካገባሁ በኋላ ጠፋ። ያን ጊዜ አዲስ አመል መጣብኝ፤ አፈር አማረኝ። አቧራው እንዲሰክን ወለሉ ላይ ውሃ ስንረጭ የሚነሳው ሽታ ምራቄን ያመጣዋል። ጣቴን አርሼ የጭቃውን ግድግዳ እየጫርኩ መላስ ጀመርኩ። አንድ ቀን እማማ ከኋላዬ ደርሰው አፌ ውስጥ ጣቴን አገኙት።

"አፈር አማረሽ?" አሉኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "አልሐምዱሊላህ! ሰይድ አባት ሆነ!"

የቤቱ ሰው ሁሉ ተደሰተ። ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተከለከልኩ። ወራት አልፈው ሆዴን መዳበስ ስጀምር፣ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ ወገቤ ተሰነጠቀ። ደሙ ረግቶ ረግቶ ወረደ። እማማ በራቸውን ዘግተው፣ አዲስ አቡጀዲ ቀደው፣ የወረደውን ጠቀለሉና ከግራሩ ሥር ቀበሩት። በላዩ ከፈንታሌ ተራራ በኩል ከሚመጣው ቀዳዳ ቀዳዳ ጥቁር ድንጋይ አንድ አስቀመጡ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ አቅፈውኝ። "አኼራ ላይ እጅሽን ይዛ ጀነት የምታስገባሽ እሷ ናት። ለእኔም እንዲህ ያሉ አሉኝ።" እስከዚያ ቀን ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውም። በጠፋ ቁጥር አፈር ያምረኛል፣ ቤቱ ይደሰታል፣ ከዚያ ጎርፉ ይመጣል፣ አቡጀዲው ይቀደዳል። በሦስተኛው ከባቲ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ አንዲት የሰይድ አክስት፣ እኔ ሻይ ሳቀርብ እየሰማሁ፣ "ሾተላይ አለባት" አሉ። በሀገራችን ልጅ የማይቆምላትን ሴት እንዲህ ይሏታል። ከውስጧ ተቀምጦ ልጆቿን የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። "አንድ ልጅ ነው ያለሽ ዘሀራ፤ ዘሩ ሊቀር ነው። ሌላ አግቢለት።" እማማ አልመለሱላቸውም። እምቢ አለማለታቸውን ግን ልብ ብያለሁ።

ክታብ ታሰረልኝ። ዱዓ የተደረገበት ውሃ ጠጣሁ። ክሊኒክም ሄድን፤ አልሄድንም አልልም። አግዳሚው ላይ የወባ በሽተኛ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፤ ልጆች ያለቅሳሉ፤ ግድግዳው ላይ የአብዮቱ መፈክር ተለጥፏል። እኔ የሚወርደው ደም ቀሚሴን አልፎ አግዳሚውን እንዳይነካው አንድ ጎኔ ላይ ዘንበል ብዬ እቀመጣለሁ። ተራችን ሲደርስ፣ በሐኪም ፋንታ የሚያክመው ድሬሰር እኔን አይጠይቅም። በእኛ ዘንድ አዲስ ሙሽራ ለሐኪም አትናገርም፤ የምትናገርላት አማቷ ናት። ድሬሰሩ ደግሞ ወንድ ነው፣ ያውም ከእማማ ቤት ምሳ የሚበላ ደንበኛ። እንዴት አድርገው ይንገሩት?

"ወገቧን ነው፣ ያደክማታል" ይሉታል።

"ወባ ነው" ይላል። አዋሽ ላይ የታመመ ሁሉ ወባ ነው። የወባ ክኒን ዋጥኩ። ሌላ ጊዜ "ኩላሊት ነው" ተባለና ብዙ ውሃ ጠጪ ተባልኩ። አንድ ቤት ለቤት የሚዞር መርፌ ወጊ ደግሞ ምን እንደሆነ ያላወቅነውን መርፌ ወጋኝ፤ ክንዴ አብጦ ከረመ። ደሙን ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አልተናገረም።

አዋሽ ላይ የሚያስፈራው ሌሊቱ አይደለም። ሌሊት ሾፌሩ ይጯጯሃል፣ ባቡሩ ይገባል፣ ሰው አለ። የሚያስፈራው ቀትሩ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ይተኛል፤ ውሻው እንኳ ከመኪና ሥር አይወጣም። እኔ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ሹ፣ ሹ፣ ሹ። አይቆምም። መጀመሪያ ባቡር የሚመጣ መስሎኝ ወጥቼ ሐዲዱን አየሁ፤ ሐዲዱ ባዶ ነው። ትራሱ ላይ ጋደም ስል ይብሳል። አንድ ቀትር ላይ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ነው። ከጓሮ በኩል ነው የሚመጣው።

ለሰይድ አልነገርኩትም። ለእማማ ብነግራቸው ጅን ነው ብለው ሌላ ሼህ ዘንድ ይወስዱኛል። ብቻዬን ከድንጋዮቹ አጠገብ እየተቀመጥኩ አዳምጣቸው ጀመር። ስም አወጣሁላቸው። የመጀመሪያዋ ፋጡማ ናት፣ ቀጥሎ አህመድ፣ ከዚያ ሩቅያ። አራተኛው ሲጨመር ከድር አልኩት። ስማቸውን ስጠራ ትንፋሹ የሚፈጥን ይመስለኛል። ፈራኋቸው፣ ደግሞም ናፈቁኝ። ሁለቱን ለይቼ መናገር አልችልም። ደሙ ስለማይቆም ሶላት አልሰግድም፣ ረመዳንም ሳልጾም አለፈ። አላህ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ ሁሉ የተዘጋብኝ መሰለኝ። ቀስ በቀስ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አምስተኛው ድንጋይ የእኔ እንዲሆን።

ሰይድ ከአሰብ ሲመለስ መኪናው ውስጥ ማደር ጀምሮ ነበር። ጠልቶኝ አይደለም፤ ሲነካኝ የምሰበር ይመስለዋል። አንድ ቀን ጎማ ሲፈትሽ አጠገቡ ሄጄ "ሌላ አግባ፣ እኔ አልከፋም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ቆመሽ መሄድ አቅቶሽ ለእኔ ሠርግ ትደግሺልኛለሽ?" አለ። ሊያስቀኝ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ጎማው መለሰና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

የወደቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። የታጠበ አንሶላ ተሸክሜ ወደ ማስጫው ስሄድ ግቢው ነጭ ሆነብኝ። ስነቃ ነጩ አንሶላ ሁሉ ቀልቷል፤ እማማ ደረታቸውን ይደቃሉ። ሰይድ በዚያች ጠዋት ቡና ጭኖ ወደ አሰብ ሊነሳ ተዘጋጅቶ ነበር። አዲስ አበባ ልውሰዳት ቢል መኪናው የመንግሥት ነው፣ መንገዱም ወደ ታች፣ ወደ አሰብ ነው። አንድ ጓደኛው ሾፌር ከታች፣ ከሎግያ ወዲያ ባለው የጥጥ እርሻ ሆስፒታል ሴት ሐኪም መመደቧን ነገረው። ሴት ሐኪም የሚለውን ቃል ስሰማ ዓይኔን ገለጥኩ። እማማ ቁልፋቸውን ለጎረቤት ጥለው ጋቢናው ውስጥ ገቡ፤ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

መንገዱን በከፊል ነው የማስታውሰው። ገዋኔ ላይ እናቴ ወደ መስኮቱ ተንጠልጥላ ስሜን ትጠራለች። ሚሌ ኬላ ላይ አንድ ወታደር "ጓድ፣ በመንግሥት መኪና ሰው መጫን ክልክል መሆኑን አታውቅም? የይለፍ ወረቀታቸው የታል?" ይላል። ወረቀት ማን አስታወሰ! ሰይድ ሲለማመጥ ወታደሩ በሩን ከፈተው። እጄን አንስቶ መዳፌን አገላበጠው፤ እንደ ወረቀት ነጥቷል። የራሱን የውሃ ኮዳ ከወገቡ ፈትቶ ለእማማ ሰጠና ገመዱን አወረደው። ስሙን አላውቅም፤ በሕይወት ካለ አላህ ዕድሜ ይስጠው።

ሎግያን ካለፍን በኋላ ጎማ ተነፈሰ። ከመኪናው ጥላ ሥር አወረዱኝ። ዙሪያው ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነው፤ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ። ትንፋሹ ግን ተከትሎኝ መጥቷል። ሹ፣ ሹ፣ ሹ። ጓሮውን ጥለው ከኋላዬ መጡ ብዬ አሰብኩ። "ልጆቹ መጥተዋል" ብላቸው እማማ ዓይኔን በሻሻቸው ሸፈኑት። ያ ሜዳ ዛሬ ሰመራ ነው። ነኢማ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከዚያ ቦታ ብዙም አይርቅም። ቀትር ላይ በመንገዱ ሳልፍ ዛሬም ጆሮዬን እሰጣለሁ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያስተኙኝ ምንጣፍ ላይ ነው። አጠገቤ አንዲት የአፋር እናት ከታመመ ልጇ ጋር ነበረች። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ለልጇ የምታራግብበትን ሰሌን አንዴ ወደ ልጇ፣ አንዴ ወደ እኔ ስታደርግ ዋለች። ማንም አላዘዛትም።

ዶክተሯ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ፀጉሯን ባጭሩ የተቆረጠች የሸዋ ልጅ ናት። የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየችና ለነርሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ነርሷ ሮጠች። ከዚያ "ምንሽን ነው?" ስትል እማማ "ወገቧን ነው" ብለው ጀመሩ።

"እናቴ፣ የሚናገረው የታመመው ሰው ነው። እርስዎ እስኪ ውጭ ይረፉ።"

እማማ በሰው ትእዛዝ ከክፍል ሲወጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ደሜ ለሰው ተናገርኩ። አንዴ ከጀመርኩ አልቆም አልኩ፤ አፈሩን፣ አቡጀዲውን፣ ድንጋዮቹን፣ ትንፋሹን፣ ስማቸውን ሳይቀር። አላቋረጠችኝም።

ሰይድ ደም ሰጠኝ፤ ደማችን ገጠመ። ደም የሰጠ ዕድሜው ያጥራል ይባል ስለነበር ጓደኞቹ አትስጥ ብለውት ነበር። በኋላ "ግማሽ ሾፌር ሆነሻል፣ መንጃ ፈቃድ አውጪ" እያሉ ሲያሾፉብኝ ኖሩ። የማሕፀኔም ውስጥ ተጠረገ። ደሙ ቆመ። ከሰዓታት በኋላ ስነቃ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ፤ የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ቆየሁ። ጆሮዬ ዝም ብሏል።

"የት ሄዱ?" ብዬ ጮህኩ። ዶክተሯ መጣች።

"ትንፋሽ የመሰለሽ የራስሽ ደም ነው" አለችኝ። "ደምሽ በጣም ሲያንስ ልብሽ ያለውን ለማዳረስ በኃይል ይመታል፤ ያንን ነው ጆሮሽ ውስጥ የምትሰሚው። አፈር ያማረሽም ለዚሁ ነው፤ ደም የሚያንሰው ሰው እንዲያ ያደርገዋል። የእርግዝና ምልክት አልነበረም።"

አላመንኳትም። አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ አንሶላ ማንጠፍ ነው አልኳት። ፈገግ አለች።

"እንግዲያው ለአንቺ ማስረዳት ቀላል ነው። ማሕፀንሽ በየወሩ አልጋ ያነጥፋል፤ ለሚመጣ እንግዳ። አንዲት ደቂቅ እንቁላል በየወሩ ከእንቁላል ቤቷ ትወጣለች። ፅንስ ከሆነች አልጋው ላይ ታርፋለች። ካልሆነች ከሰውነትሽ ትእዛዝ ይመጣል፤ እንግዳ የለም፣ አንሶላው ይነሳ ይላል። የተነሳው አንሶላ ነው የወር አበባ የሚባለው። ያንን ትእዛዝ የሚያደርሰው ሆርሞን ይባላል፤ በደም ውስጥ የሚሄድ መልእክተኛ በይው። ባንቺ እንቁላሏ በብዙ ወር አትወጣም። እሷ ካልወጣች መልእክተኛውም አይመጣም። ስለዚህ ማሕፀንሽ አንሶላ በአንሶላ ላይ ያነጥፋል፤ ወራት ሙሉ። በመጨረሻ መሸከም ሲያቅተው ክምሩ በአንዴ ይናዳል።"

"ልጆቹስ?"

መልሳ ጠየቀችኝ። "ሳታገቢስ ይጠፋ ነበር?"

"ይጠፋ ነበር።"

"ሲመጣስ?"

"እንዲሁ ነበር። ጎርፍ።"

"ረግቶ ረግቶ?"

"አዎ።"

"ያኔ ገዋኔ፣ አባትሽ ቤት፣ ልጃገረድ ሆነሽ የወረደው ምን ነበር መዲና?"

ያ ጥያቄ ከመርፌው ሁሉ በላይ ገባ። ያኔ ደም ነበር፤ እናቴ እጠቢው ብላኝ አጥቤዋለሁ። ያንኑ ደም ካገባሁ በኋላ በአቡጀዲ ጠቅልለን፣ አልቅሰን፣ ስም አውጥተን ቀበርነው። የተለወጠው ሠርጌ ብቻ ነው።

"ሁሉም አልነበሩም?" አልኳት።

"በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም፤ ያኔ ያየ ሐኪም የለም። ከመካከላቸው አንዱ እውነተኛ ፅንስ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ግን አይመስለኝም።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሾተላይ የለብኝም፣ የገደልኩት ልጅ የለም፣ እድናለሁ። እኔ ግን አራት ልጅ በአንድ ቀን እንደሞተባት ሴት አለቀስኩ። ሰው ለሞተ ልጁ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ላልነበረ ልጅ ማን ለቅሶ ይደርሳል? ደግሞም ያ "አንዱ" የሚለው ቃል አለ። ፋጡማ ትሆን? ወይስ ከድር? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የደም ማነሱን ክኒን ይዤ ስወጣ ሌላም ክኒን ተሰጠኝ፤ አንሶላው በወሩ እንዲነሳ የሚያደርግ። ሰይድ መጠቅለያውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሾፌር ነው፣ ያውቀዋል፤ ልጅ እንዳይወለድ ሴቶች የሚውጡት ክኒን ነው። "ልጅ አጥተን መጥተን ልጅ የሚከለክል ይሰጡናል? ለዚህ ነው ደሜን የሰጠሁት?" ብሎ ጋቢናው ውስጥ ጮኸ።

ከሆስፒታሉ ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው እማማ ያን ጊዜ ተናገሩ። ዶክተሯ ከመውጣታችን በፊት እሳቸውንም አስገብታ ሁሉንም ነግራቸው ነበር። "ዝም በል አንተ። መኪና ትነዳለህ እንጂ ስለዚህ ምን ታውቃለህ? መጀመሪያ ቤቱ ሥርዓት ይያዝ፤ እንግዳው ከዚያ ይመጣል ብላናለች።" ክኒኑን ከእጁ ነጥቀው ከመቁጠሪያቸው ጋር በመቀነታቸው ቋጠሩት። በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ራሳቸው ያቀብሉኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልረሱም።

ይህን ለምታነብ ልጅም ለእናቷም የምለው አለኝ። ወሩ ወራት ከጠፋ፣ ወይም ሲመጣ አልቆም ካለ፣ ቆማ ስትሄድ ዓይኗን ካጨለማት፣ አፈር ካማራት፣ ሐኪም ጋ ትሂድና ራሷ ትናገር። ወገቤን ነው አትበል። እርግዝና ነው፣ አይደለም የሚለውንም ቀበቶ አይፈታውም፤ የሽንት ምርመራ ይፈታዋል።

ወሩ ሥርዓት ያዘ። ሶላቴን ጀመርኩ፣ ሳልጾም ያለፈኝን የረመዳን ቀዳ ጾሜ ከፈልኩ። ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ ካቆምኩ በኋላ ቆየት ብሎ ጠፋ። በዚህኛው አፈር አላማረኝም፤ ይልቅ የናፍጣ ሽታ አላስቀርብ አለኝ፤ ሰይድ ምስኪኑ ታጥቦ ታጥቦ ቆዳው ሊላጥ ነበር። ነኢማ ተወለደች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ቀትር ላይ ስፈልጋቸው እማማ ነኢማን ታቅፈው ከግራሩ ሥር፣ ከድንጋዮቹ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"መዲና፣ ያቺ ዶክተር ያለችውን እስቲ ድገሚልኝ" አሉ።

ደገምኩላቸው። አንሶላውን፣ እንቁላሏን፣ መልእክተኛውን። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ያ ፊሽካ የሚያስንቀው ድምፃቸው ጠፍቶ፣ "የእኔም እንዲሁ ነበር" አሉ። "ይጠፋል፣ ሲመጣ ጎርፍ። ልጃገረድም ሆኜ።" ነኢማን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ባቲ ነው የቀበርኳቸው። ሲርበኝም፣ ባሌ ሲሞትም፣ እዚህ በረሃ ስወርድም፣ ግድ የለም፣ አኼራ ላይ ልጆቼ ይጠብቁኛል፣ እጄን ይዘው ያስገቡኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ታዲያ የእኔዎቹስ? አንሶላ ነበሩ?"

የእሳቸውም የእኔን እንደሚመስል አውቅ ነበር። ሐዲዱ ባዶ ነው፤ ጆሮዬም ዝም ብሏል።

"የእርስዎዎቹን ሐኪም አላያቸውም እማማ" አልኳቸው። "እኔ የነገርኩዎት የእኔን ነው።"

በጥፍራቸው ከአንዱ ድንጋይ ላይ አቧራ ጫር ጫር አደረጉና፣ "እንግዲያው አንቺም እነዚህን አታንሺ። አንዷ ልትሆን ትችላለች ብላሻለች" አሉኝ። አላነሳኋቸውም።

እማማ ዘሀራ የሞቱት ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው፤ እዚያው አልጋ ቤታቸው፣ ራሴ ባነጠፍኩት አንሶላ ላይ። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ግራ እጃቸው ከጎናቸው ተዘርግቶ ነበር። ቀኝ እጃቸው ግን ከአልጋው ወደ ውጭ ወጥቶ፣ የሕፃን እጅ እንደያዘ ሰው ወደ ታች ዝቅ ብሎ ጣቶቹ ገርበብ ብለዋል። አብራኝ የምታጥበው ሴት ልታስተካክለው ስትል ያዝኳት።

"ቆይ" አልኳት። "ትንሽ ይቆዩ።"